ያነሳኸው ስልክ

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንዴት ነህ? ጤናህስ? ያ ወገብህን የሚይዝህ ነገር ተሻለህ ወይስ መሬት ላይ እየተኛህ ብሶብሃል? ትበላለህ? እንቅልፍስ ይወስድሃል? ይኸው ገና ሳልጀምር ጥያቄ አበዛሁብህ። ፊት ለፊቴ ብትሆን «አንቺ ደግሞ እንደ መርማሪ!» ብለህ ትስቅብኝ ነበር። እኔ ደህና ነኝ፤ ማለቴ አካሌ ደህና ነው። እማዬም ደህና ናት። ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው። ባለፈው ስደውልላት ጎረቤቷ በአጥሯ ላይ ልብስ አስጥታ ኖሮ ወሬያችንን ሁሉ በሱ ጨረሰችው። ስላንተ የምትጠይቀኝ ሁልጊዜ ስልኩን ልትዘጋ ስትል ነው። ሌላ ሌላውን ስታወራ ትቆይና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ያ ልጅስ?» ትለኛለች። በስምህ አትጠራህም፤ ስምህን ከጠራች እንደምታለቅስ ታውቃለች መሰለኝ።

ይህን ወረቀት የሚያመጣልህ የውሃ ቦቴው ሹፌር ነው። በእናንተ በኩል ለማለፍ ፈቃድ ያለው እሱ ብቻ ስለሆነ ለምኜው ነው። ምን እንደጻፍኩ አያውቅምና እንዳትጠይቀው። ቆመህ አታንብበው፤ አንድ ቦታ ቁጭ በል። ጓደኞችህ ፊትም አታንብበው።

የምሠራበትን የነገርኩህ አይመስለኝም። አንተ ከሄድክ በኋላ የስልክ መሥሪያ ቤታችን ቅርንጫፍ ተዘጋና ለተፈናቃዮች እርዳታ የሚሰጥ አንድ ድርጅት ተቀጠርኩ። ዱቄትና ዘይት የሚያድሉ አሉ፣ ቁስል የሚያጥቡ አሉ፣ ሽንት ቤት የሚቆፍሩ አሉ፤ የኔ ሥራ ስልክ ማስደወል ነው። ከቤቱ ሲሮጥ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ምግብ ይመስልሃል? ብዙዎቹ ገና ብርድ ልብሳቸውን ሳይቀበሉ «ስልክ የት ነው?» ብለው ነው የሚመጡት። እናት ልጇን፣ ባል ሚስቱን ይፈልጋል። እኔ ቁጥር እጫናለሁ፣ ስልኩን እሰጣለሁ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ።

ሰዎቹ ያረፉት ግንባታው ባላለቀ የገበያ ሕንፃ ውስጥ ነው። ጦርነቱ ባይመጣ ጫማ ቤትና ሽቶ ቤት ይሆን የነበረው ሁሉ በላስቲክ ተከፋፍሎ ቤተሰብ ገብቶበታል። «የካልሲ ቤቶቹ ልጅ አስነጠሰ»፣ «የወርቅ ቤቶቹ ጄሪካን ጠፋ» ነው የሚባባሉት። በሩ ላይ «በቅርብ ቀን ይከፈታል» የሚል ትልቅ ጽሑፍ አለ፤ አንድ ቀልደኛ ሽማግሌ አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር «እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ይኸው ከፈትነው» ይላሉ። ለተንቀሳቃሽ ደረጃ በተተወው ቁልቁለት ላይ ልጆች በካርቶን ሲንሸራተቱ ይውላሉ። የኔ ክፍል ባንክ ሊሆን የነበረው የመስታወት ክፍል ነው። የሰው ለቅሶ ከውጭ እንዳይታይ ብርድ ልብስ ሰቅዬበታለሁ።

የሚያስቅም አለ። አንድ ነጋዴ በየጊዜው እየመጣ ሲሮጥ የጣለውን የራሱን ስልክ ያስደውለኛል። «ማን እንዳገኘው ልወቅ» ይላል። አንድ ቀን አንድ ሰው አነሳው። ሌባ ብሎ ይሰድበዋል ብዬ ስጠብቅ ሰላምታ ተለዋውጠው «ቤቴ ቆሟል? በሩስ?» ሲለው ሰማሁ። አሁን ወዳጆች ሆነዋል። ሰውየው ስልኩን ባይመልስም የቤቱን ወሬ አያስቀርበትም።

እንዲህ የማወራህ ወደ ነገሩ መግባት ስለከበደኝ ነው። እንግዲህ ልግባበት።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አንዲት እናት ከምራታቸው ጋር ገቡ። እግራቸው አብጦ ነጠላ ጫማቸው ውስጥ አልገባ ብሏቸው ስለነበር በእጃቸው ይዘውታል። ወንበር ሰጠኋቸው። ከተማቸው በተያዘ ማግስት ሸሽተው ብዙ ቀን በእግር ተጉዘው መምጣታቸው ነው። ምራታቸው ወጣት ናት፣ ፀጉር ሠሪ ናት፤ ብዙ አታወራም። ዓይኗ ግን ሰው ላይ ሲያርፍ ቶሎ አይነሳም። እማማ ጆሯቸው በደንብ ስለማይሰማ እኔም እየጮህኩ «ለማን ልደውልልዎት?» አልኳቸው።

«ልጄን ለወሰደው ልጅ» አሉኝ።

ማን እንደሆነ ስጠይቃቸው ታጣቂ መሆኑን ነገሩኝና ፊቴ ላይ ምን እንዳዩ እንጃ፣ ቶሎ ብለው «ጨዋ ልጅ ነው» አሉኝ። ልጃቸው መካኒክ ነው። የውሃ ፓምፕ ይበል፣ ጄኔሬተር ይበል፣ ሞተር ያለው ነገር ሁሉ እጁ ላይ ይነሳል። ታጣቂዎቹ በገቡ ዕለት አንዷ መኪናቸው በራቸው ላይ ቆመች። አንድ ልጅ ከመኪናው ወረደና አንኳኩቶ ነው የገባው። «እናቴ፣ እዚህ መካኒክ አለ ብለውን ነው። ይቺን ያስነሳልንና ወደ ፊት ሌላ የቆመችብን አለች፣ እሷን አይቶልን ማታ እመልስልዎታለሁ» አላቸው። ውሃ ጠየቃቸው፣ ሰጡት፤ ጠጥቶ ብርጭቆውን አጥቦ መለሰላቸው። ልጃቸው መኪናዋን አስነሳና እጁን እንኳ ሳይታጠብ አብሯቸው ተሳፈረ። እማማ የዚያን ልጅ እጅጌ ይዘው አልለቅም አሉ። እሱም አልተቆጣም። «እንግዲያው ቁጥሬን ይያዙ» ብሎ፣ እሳቸው መጻፍ ስለማይችሉ፣ እንደ ተማሪ እያስደገመ አስጠናቸው። አንድም ሳይሳሳቱ ሲሉለት «ጎበዝ!» ብሎ ትከሻቸውን ሳማቸው።

ያኔ እንኳ አልገባኝም፣ ወንድሜ። ብርጭቆውን አጥቦ መለሰ ሲሉኝ እንኳ አልገባኝም። እማዬ ከልጅነታችን ጀምራ «የጠጣችሁበትን አጥባችሁ መልሱ» እያለች ስንቴ ጆሯችንን ቆንጥጣናለች!

ማታ አልመጣም። በማግስቱ ከባድ መሣሪያ ከተማው ላይ መውደቅ ጀመረ፣ ሰው ሁሉ ወጣ። እማማ መንገዱን ሙሉ ቁጥሩን እየደጋገሙ ነው የመጡት። «የቀረው ቢጠፋ ይጥፋ፣ ይቺ እንዳትጠፋኝ ብዬ» አሉኝ። ምራታቸውም ብትይዘው ምን አለበት ብዬ ስጠይቅ «ለምኜያቸዋለሁ፤ ለሰው ከሰጠሁት ከኔ ይጠፋል አሉ» አለችኝ።

ስልኩን ጮክ ብሎ እንዲሰማ አደረግኩትና «ይበሉ» አልኳቸው። እሳቸው ቀስ እያሉ ይናገራሉ፣ እኔ እጫናለሁ። መሃል ላይ ሲደርሱ ትንፋሽ ለመውሰድ ቆም አሉ።

ጣቴ ግን አልቆመም።

ምን ማለት እንደሆነ ይገባሃል? እሳቸው ገና ያላሉትን ጣቴ ጨርሶት ነበር። ስንት ዓመት የደወልኩት ቁጥር ነው! ስትዘገይ፣ ስትጠፋ፣ ዳቦ ግዛ ለማለት፣ ለልደትህ፣ ለምንም። ጭንቅላቴ ሳያውቅ ጣቴ አወቀ። እማማ ትንፋሻቸውን ወስደው የቀረውን ሲናገሩ ስልኩ እየጠራ ነበር። ለመዝጋት ጊዜ ነበረኝ፤ እጄ አልታዘዝ አለኝ። «ሌላ ሰው ይሆናል፣ ስልኩ ጠፍቶበት ሌላ ሰው እጅ ገብቶ ይሆናል» እላለሁ በልቤ።

«አቤት» አልክ።

አንድ ነገር ልንገርህና ከፈለግህ ታዘበኝ። መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። አለህ! በሕይወት አለህ! እኔና እማዬ ስንደውል ስንደውል ያላነሳኸውን ስልክ ለማታውቀው ቁጥር አነሳኸው። ስምህን ልጠራ አፌን ስከፍት እማማ ቀደሙኝ።

«እኔ ነኝ ልጄ፣ የመካኒኩ እናት» አሉህ።

የሆነ ሞተር ሲጮህ፣ ሰው ሲሳሳቅ ይሰማል። እማማ የተቋረጠ መስሏቸው «ሃሎ! ሃሎ!» ይላሉ። ከዚያ ድምፅህ መጣ።

«ደህና ነው፣ እናቴ። ትንሽ ደክሞት ተኝቷል። ሲነቃ እንዲደውልልዎት እነግረዋለሁ።»

ዘጋኸው።

ወንድሜ፣ አባባ ሆስፒታል የሞተ ዕለት እኔና አንተ ብቻ ነበርን። እማዬ እህቷን ልትጠይቅ ሌላ ከተማ ሄዳ፣ ባሰበት ተብላ በአውቶቡስ እየተመለሰች ነበር። አንሶላውን ፊቱ ላይ ካለበሱት በኋላ ኮሪደሩ ላይ ወጥተህ ደወልክላት። መንገድ ላይ፣ ሰው መሃል፣ ብቻዋን እንዳትሰማው ብለህ ነው። አጠገብህ ቆሜ እጅህን ይዤ ነበር። «ደህና ነው፣ እማዬ። ትንሽ ደክሞት ተኝቷል። ሲነቃ እንዲደውልልሽ እነግረዋለሁ» አልካት። እንዲያ ያለ ድምፅ ካንተ ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ የዜና አንባቢ ድምፅ። አንድ ቃል አልተሰበረብህም። በኋላ «እንዴት ቻልክ?» ብዬህ ነበር፣ ታስታውስ እንደሆነ።

ያው ድምፅ ነው። ያው ቃል ነው። «ልሽ» የነበረው «ልዎት» ሆነ እንጂ።

እንግዲህ ምን እንደሰማሁ ታውቃለህ።

ያን ጊዜ ምን አደረግኩ ትላለህ? ከእያንዳንዱ ሰው በኋላ እንደማደርገው ስልኩን በጨርቅ ወለወልኩትና «ቀጣይ!» ብዬ ተጣራሁ። እንደዚያ ነው ያልኩት። ከኔ አፍ የወጣ አይመስልም። ቀጣዩ ሰው ገብቶ ቁጥር ሲነግረኝ አንዱንም አልሰማሁትም፤ ሦስቴ ተሳስቼ ደወልኩበትና «ምነው አሞሻል?» አለኝ።

እማማስ ምን ልበልህ! እየተንሰፈሰፉ እጄን ሳሙኝ። «ተኝቷል! ሥራ አብዝተውበት ነዋ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲደክመው ቢጠሩት አይሰማ!» እያሉ ለሰው ሁሉ ነገሩ። ልብስ የሚታደልበት ሄደው ለልጃቸው የሚሆን ጫማ ለመኑ። ሰፍቶት እንዳይሆን ብለው ጠባቂውን አስለኩት። ከነሱ ሁለት ፍራሽ አጠገብ ሦስተኛ አነጠፉለትና ሰው ረግጦ ሲያልፍ ይቆጣሉ። አንተን ደግሞ በየቀኑ ይመርቁሃል። ጠዋት ጠዋት ደጄ ላይ ቆመው «ያን ጨዋ ልጅ፣ ያሳደገችው እናት አትጣው» ሲሉ እሰማለሁ። ጆሮዬን ይዤ የምገባበት አጣሁ።

ለእማዬ ድምፅህን መስማቴን ነገርኳት። ጮኸች፣ አለቀሰች፣ ጎረቤቷን ጠራች፤ በአጥሩ የተጣላቻትን ሴትዮ! «ምን አለሽ?» ስትለኝ «ደህና ነው» አልኳት። የኔም ድምፅ አልተሰበረም።

ከዚያ በኋላ ስልክህ ተዘጋ። እማማ እየመጡ ያስደውሉኛል፣ ዝግ ነው። «ባትሪ አልቆበት ነው። በዚያ ምድረ በዳ መብራት ከየት አምጥቶ?» እያሉ ላንተ ምክንያት ይሰጣሉ። የመስታወቱ ክፍል በር ላይ ካርቶን አንጥፈው ይቀመጣሉ። ሲነቃ ይደውላል ብለሃቸዋላ። ስልኩ በጠራ ቁጥር በግድግዳው ተደግፈው ይነሳሉ፤ የሌላ ሰው ሲሆን መልሰው ይቀመጣሉ።

እኔም ዝም አልኩ። ነገ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ዋልኩ አደርኩ። ምን ብዬ? በምን አውቄ? በዚህ መሃል አለቃችን ሰበሰበንና ውጊያው ወደዚህ እየቀረበ ነው፣ ሕንፃው ሊለቀቅ ነው አለን። ከወንዙ ማዶ ሌላ መጠለያ ተዘጋጅቷል፣ አውቶቡስ ይመጣል፣ ከዚያ ወዲያ ወደዚህ ውሃም ዱቄትም አይመጣም። ሰው ሁሉ ላስቲኩን ማጠፍ ጀመረ። እማማ ግን እምቢ አሉ። «ልጄ ሲደውል ማን ሊያነሳለት ነው? ሲመጣስ የት ብሎ ያገኘኛል?» አሉ። ነርሷ ለመነቻቸው፣ አለቃችን ተቆጣቸው፤ ወይ ፍንክች!

በማግስቱ ውሃ ልቀዳ ቧንቧው ጋ ቆሜ ሳለ ምራታቸው መጣች። ጄሪካኗን ከኔ አጠገብ አስቀመጠችና ፊቴን ሳታይ «ቁጥሩን ከእማማ ቀድመሽ ነው የጨረስሽው» አለችኝ።

ውሃው ሞልቶ ይፈሳል፣ እኔ ቆሜያለሁ።

«ያን ዕለት ነው ያየሁት» አለችኝ። «ስንት ሰው ታስደውያለሽ፤ የማንንም ቁጥር በቃልሽ አትይዢም። ማነው እሱ?»

«ወንድሜ ነው» አልኳት።

ትመታኛለች ብዬ ነበር። ብትመታኝም ደስ ባለኝ። እጇን ዘርግታ ቧንቧውን ዘጋችው፣ ውሃው እንዳይባክን። ከዚያ «አንቺ ድምፁን ታውቂዋለሽ። ምን ሰማሽ?» አለችኝ። የአባባን ነገር ነገርኳት። ኮሪደሩን፣ አንሶላውን፣ ለእማዬ ያልካትን። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ጄሪካኗን አንስታ ሄደች። ጥቂት እንደሄደች አስቀመጠችው፤ ጀርባዋን ነው የማየው፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ እንጂ ድምፅ አልሰማሁም። ተመልሳ መጣችና «ለእማማ አንቺ ንገሪያቸው» አለችኝ። «እኔ ብነግራቸው ሌላ ባል አምሯት ነው ይሉኛል።» ይህን ስትል ትንሽ ፈገግ ማለቷ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ነገርኳቸው። ክፍሌ ውስጥ አስቀምጬ፣ ሻይ ሰጥቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ ጆሯቸው ሥር ተጠግቼ። «እማማ፣ ያ የደወልንለት ልጅ ወንድሜ ነው» አልኳቸው። ልቀጥል ስል ብርጭቆው ከእጃቸው ወደቀ። ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙኝ። ሊያንቁኝ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ያንቺ ወንድም!» ብለው ጮኹ። «ልጄን የያዘው ያንቺ ወንድም ነው? ይህን ደብቀሽ ስታስጨንቂኝ የኖርሽ! እንግዲያው ልጄ ዘመዶቹ ቤት ነዋ ያለው!»

በደስታ ነው፣ ወንድሜ። በደስታ ነው ያለቀሱት። እንዲህ ይሆናል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩ። «እማማ፣ ይስሙኝ፤ የዋሸዎት ይመስለኛል» ብዬ ጮህኩ።

«አንቺ ዋሽተሽኝ ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

«አላውቅም።»

«በቃ! እሱም ያንቺው ደም ነው» አሉኝና ግንባሬን ሳሙኝ።

የአባባን ነገርም ነገርኳቸው። አዳመጡኝ። «እንዴት ያለ ለእናቱ የሚያስብ ልጅ ነው!» አሉኝ። ምራታቸው በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

እማማ ሚስጥር አያውቁምና ከሰዓት በኋላ ሕንፃው በሙሉ የማን እህት እንደሆንኩ ሰማ። ያ ቀልደኛ ሽማግሌ ፊታቸውን አዞሩብኝ። አንዲት እናት ልጇን ከክፍሌ ጎትታ አወጣች። ይህስ ይሁን፤ ይገባኛል። የከበደኝ ሌላው ነው። አንዳንዶቹ አንድ በአንድ ተደብቀው ይመጡና «እህቴ፣ የኔንም ልጅ ወስደውታል፤ እባክሽ ወንድምሽን ጠይቂልኝ» ይሉኛል። ረጅም ነው፣ ጥርሱ ፍንጭት ነው፣ ሲሄድ ያነክሳል እያሉ ይነግሩኛል። ምን ልመልስላቸው? «እጠይቅላችኋለሁ» አልኩ።

አውቶቡሶቹ መጡ። እማማ ፍራሻቸው ላይ ተቀመጡ። ጥበቃዎቹ ሊያነሷቸው ሲሞክሩ እንደ ሕፃን ልጅ አካላቸውን አከበዱባቸው። ምራታቸው ተሳፍራ ነበር። ሞተሩ ሲነሳ በመስኮት ቦርሳዋን ጣለች፣ ከዚያ ራሷ ወረደች። «ብቻቸውን አልተዋቸውም» አለች፤ ሌላ ምንም አላለችም። እኔም የድርጅቱን ሰደርያ አውልቄ ለአለቃችን ሰጠሁት። አብደሻል ወይ ብሎ ጮኸብኝ፣ ሥራሽን ታጫለሽ አለኝ፣ መጨረሻ ላይ ለመነኝ። ወንድሜ ይደውላል አልኩት። የማስደውልበትን ስልክና የፀሐይ ባትሪ መሙያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ጠፋ ብዬ እጽፋለሁ» ብሎኝ ሄደ።

አሁን ሦስታችን ብቻ ነን። ይህን ያህል ሰው ሲተራመስበት የነበረ ሕንፃ ባዶ ሲሆን እንዴት እንደሚያስተጋባ ብታይ! እማማ ሲያስሉ ሦስተኛ ፎቅ ሌላ ሰው ያሳለ ይመስላል። የቦቴው ሹፌር ዛሬ ከአለቆቹ ተደብቆ መጥቶ በርሜላችንን ሞላልን። ከእንግዲህ አልመጣም፣ አልችልም ብሎናል። ዱቄት አለን። ሹፌሩ የምሳ ሰዓቱን ሰጥቶኝ ከመኪናው ጥላ ሥር ጋደም ብሎ እየጠበቀኝ ነው የምጽፍልህ።

ወደዚህ የምትመጡት እናንተ ናችሁ ይላል። እውነት ነው? እውነት ከሆነ፣ ከዋናው በር ስትገቡ በስተግራ ያለው የመስታወት ክፍል ውስጥ ነን። ለጓደኞችህ ንገራቸው፤ ሴቶች ብቻ ነን። ከፊት እኔ ነኝ የምወጣው።

በልጁ ላይ ምን እንደደረሰ አላውቅም። መንገዱ ላይ የተቀበረ ነገር ይሁን፣ የሌላ ሰው ጥይት ይሁን፣ ወይም ሌላ... ሌላውን እጄ አይጽፈውም። እህትህ ነኝ፤ ፈራጅህ አይደለሁም። አንተን አዝዬ ያሳደግኩበት ጀርባ አሁንም የኔው ነው። ስትሳሳት በእማዬና ባንተ መሃል የምቆመው እኔ ነበርኩ። እዚህ ላይ ግን መሃል የምቆምበት ቦታ አጣሁ። የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ስልክህን ክፈትና ደውልላቸው። ከኔ አላመኑም፣ ከምራታቸውም አያምኑም፤ ካንተ ብቻ ነው የሚያምኑት። ከዚህ የሚነሱት አንተ ስትነግራቸው ነው። ቁጥሩን ታውቀዋለህ፤ የደወልንልህ በሱ ነው። በዚያ በዜና አንባቢ ድምፅህ ግን አይሁን። ተንተባትበህ፣ ቃሉ አፍህ ውስጥ ተሰባብሮ፣ በራስህ ድምፅ ንገራቸው። የት እንዳለም ንገራቸው። ሰው የልጁን ቦታ ማወቅ አለበት።

የሌሎቹንም ልጆች፣ የምታውቀው ካለ፣ ንገረኝ። እጠይቅላችኋለሁ ብያለሁ።

ፈጣሪ እጅህን ይያዝልህ። እግርህን ወደ ቤት ያዙርልህ። ያየኸውን እንድትረሳ አልመርቅህም፤ ለመናገር አቅም ይስጥህ። እማዬን በዓይንህ ያሳይህ፣ እሷም በዓይኗ ትይህ። ብዙ ልጽፍ ነበር፤ ሹፌሩ ተነስቶ ጎማውን እየረገጠ ነው።

ምራታቸው አጠገቤ ተቀምጣለች። ከሥር አንድ ነገር ልጨምር ብላ ብዕሩን ጠይቃኛለች። እሰጣታለሁ። ምን እንደምትጽፍ አላይም፤ አጣጥፋ ትሰጠኝና እንዲሁ እልከዋለሁ።

ሁልጊዜም
እህትህ

ያን ዕለት ጠዋት ብርድ ነበር። ጃኬቱን ወንበር ላይ ረስቶ ነው አብሮህ የወጣው። የሚደርበው ነገር ሰጣችሁት?